ዳውድ የዒድ ልብሱን ለብሶ

ጓድ አገኘሁ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ይታያል። ያስተከለው የባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አባላት ለሕክምና ብለን ካዋጣነው ገንዘብ ነው። ጥርስም ሰውነት ነው ተብሎ ተፈቀደለት። ፈቃጁም የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ እሱ ራሱ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዳውድ ግን ከክረምቱ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሌሊት እየተነሣ መረቡን ይቆራርጣል፤ ዓሦቹ ስሜን ይጠሩኛል ይላል። ዱዓ ተደረገለት፤ አልተሻለውም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ አዲስ አበባ ውሰዱትና የአእምሮ ሐኪም ይየው አለን። ወጪው ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የአእምሮ ሕመምም በማኅበሩ ደንብ እንዲጨመር ለመንሁ። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ቢሆንም ለመንሁ።

«በሽተኛውን አምጣና እንየው» አለ ጓድ አገኘሁ።

የስብሰባው ዕለት የዳውድ ሚስት ሙኒራ ገላውን አጠበችው፤ የዒድ ልብሱን አለበሰችው። ባሏን አሳድፋ ሰው ፊት ማቆም ነውር ሆነባት። እኔም አልከለከልኋት።

መፈክሩ አልቆ ግራ እጃችንን ስናወርድ ዳውድ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አለ።

«ይኼ ሙሽራ ነው እንጂ በሽተኛ ነው?» አለ ጎረቤታችን ቢያዝን። ሣቁ። ቢያዝን ባለፈው ሳምንት ዳውድን በገመድ ስናስረው እግሩን የያዘልኝ ነው።

«የት ላይ ነው የሚያምህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አያመኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ብቻ ዓሦቹ ዝም ቢሉልኝ።»

«እኛንማ ዝም ብለውናል፤ አንድ ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አልያዝን» አለ አንዱ ከኋላ።

ሙኒራ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «ሌሊት መጥታችሁ እዩት።»

«የሌሊቱንማ አንቺ እይው፤ ሚስቱ አይደለሽ?» አላት ጓድ አገኘሁ። ወርቁ ብልጭ አለ። «ደንባችን ለሰውነት ነው፤ የዚህ ሰው ሰውነት ደግሞ ከኔ ይሻላል። ደንቡ እንዳለ ይቆይ የምትሉ?»

ሁሉም እጁን አወጣ። ቢያዝንም አወጣ።

ስንወጣ መሽቷል። ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ውሃ ውስጥ ካደረ ስለሚበሰብስ፣ እኛ ሲመሽ ያገኘነውን ሁሉ የማን ነው ሳንል ጎትተን ዳር እናቆማለን። ዳውድ ቀድሞ ጣና ውስጥ ገብቶ የጓድ አገኘሁን ታንኳ ይጎትታል።

«ሳሊህ፣ ያዝልኝ እንጂ» አለኝ።

ጫፉን ያዝሁ። ከስብሰባው ቤት ሣቃቸው ይሰማል። ለቀቅሁት።

«ተወው፣ ወንድሜ።»

«ይበሰብሳል እኮ።»

«ይበስብስ።»

እጁን ይዤ አወጣሁት። የዒድ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ርሷል።