የታዘቢ መንጋ

ሰው የሚጮኽ ውሻ ጎበዝ ይመስለዋል። አይደለም። የሚጮኽ ውሻ ፈሪ ነው፤ ጅቡን «በጎቹ እዚህ ናቸው» ብሎ ይጠራዋል እንጂ አይመልሰውም። የእኔ ውሾች አይጮኹም። በጅቡና በበጉ መካከል ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ጅቡ ራሱ አፍሮ ይሄዳል። ከጋሸና በላይ ደጋው ላይ በግ ያለው ሁሉ የእኔን የደብሪቱን ቡችላ ሲለምን ኖሯል። ከኩልመስክ ድረስ መጥተው ደጄ ላይ የሚቆሙ ነበሩ። የሰጠሁት አለ፤ «ለአንተ አይሆንም፣ ቤትህ ጩኸት ይበዛበታል» ብዬ የመለስኩትም አለ።

አያያዙ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ቡችላ ዓይኑ ሳይገለጥ ከእናቱ ጋር የበግ ጉረኖ ይገባል። በጠጥ ላይ፣ በበጎቹ ፍግ ላይ ይተኛል፣ የበግ ትንፋሽ ይሞቃል፣ ዓይኑ ሲገለጥም መጀመሪያ የሚያየው በግ ነው። ልጆች አይጫወቱበትም፣ ምድጃ ዳር አይደርስም። እግሩ ሲጠና ደግሞ ከኋላው ሄጄ ቆርቆሮ በዱላ እመታለሁ። ምንም የማይመስለው አለ፤ እሱ ደንቆሮ ነው። ደንግጦ ሸሽቶ የሚቀር አለ፤ እሱ ፈሪ ነው። ደንግጦ ሸሽቶ፣ ቆም ብሎ፣ «ምንድን ነው?» ብሎ ሊያይ የሚመለስ አለ። ለዘር የሚቀረው እሱ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ግን ሰውን ማን አስመርጦኝ።

ታዘቢ የዚያ ዘር የመጨረሻዋ ነበረች። እናቷ አርጅታ ሞተች። ወንድም እህቶቿን ለሰው ሰጥቼ ነበር፤ በዚያ ዓመት እብድ ውሻ ገባ ተብሎ በየቀበሌው ውሻው ሁሉ በመርዝ ሲያልቅ እነሱም አብረው አለቁ። እሷን ጉረኖ ውስጥ ዘግቼ ነው ያተረፍኳት። ዳልቻ ናት፣ ደረተ ሰፊ፣ ዓይኗ እንደ ሽማግሌ ዓይን የረጋ። ስሟን ያወጣሁት ለጎረቤቴ ለዘነቡ ነው፤ በእኛ አገር ለጎረቤት በአፍ የማይባለው በውሻ ስም ይባላል። ዘነቡም ገብቷታል፤ ውሻዋን በጠራኋት ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

አምራች ማኅበር የሚሉት ነገር የመጣብን ያኔ ነው። መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ በሬውን አንድ አደረጉት። ኋላ በጉም አንድ መንጋ ይሁን ተባለ፣ ከታች መስኩ ላይ ትልቅ ጉረኖ በድንጋይ ተካበ። እኔም በጎቼን ነዳሁ፤ ያልነዳ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተናል። ልጄ ብርቅዬ የመንጋው ጠባቂ ተብላ ተመደበች፣ ታዘቢም ተከትላት ወረደች። መንደሩ ደስ አለው። የደብሪቱን ውሻ በነጻ አገኘና!

በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ መንጋው ትልቁ ጉረኖ ሊደርስ ሲል፣ ታዘቢ መካከሉ ገባች። አልጮኸችም፣ አልነከሰችም። በጎኗ እየገፋች፣ አንዷን ከዚህ አንዷን ከዚያ፣ የእኔን በጎች ብቻ ለቅማ አወጣች። የሰው በግ ልከተል ሲል ዞራ ትቆምበታለች። ከዚያ ከኋላ ከኋላ እያለች ዳገቱን አወጣቻቸውና ደጄ ላይ አቆመቻቸው።

መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ደብሪቱ፣ ውሻሽ አድኃሪ ናት!» አለችኝ ዘነቡ በአጥር ላይ።

«ካድሬ ሁኚና አስተምሪያታ» አልኳት።

አፌ ነው የሳቀው፤ ሆዴ አልሳቀም። በዚያ ዘመን ሰው በቀልድ ይታሰርና በቁም ነገር ይቀር ነበር።

በነጋታው በጎቹን መልሼ ነዳሁ። ማታ ታዘቢ መልሳ አመጣቻቸው። እንደገና ነዳሁ፣ እንደገና አመጣቻቸው። የሚስቀው ሰው እያነሰ ሄደ። አንዳንዱ በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ያሳጥር ጀመር፤ ሰው ችግር ሲሸተው እንዲያ ነው።

ከዚያ ቢሆነኝ መጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ከኋላው ሚሊሻው ምናለ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ቢሆነኝን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ቡችላ ልፈትን ቆርቆሮ በመታሁ ጊዜ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ያለ ልጅ ነበር።

«እቴቴ ደብሪቱ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። ደህና ዋሉ የሚባለው በጠመንጃ ሆኗል እንዴ?»

«አይቆጡ። ነገሩ ከእኔ አቅም እየወጣ ነው። የአውራጃው ካድሬ መንጋችንን ሊጎበኝ ይመጣል። ለሌላው ቀበሌ ምሳሌ ትሆናላችሁ ብሎናል። እሱ ፊት ይቺ ውሻ የግል በግ ለይታ ይዛ ብትወጣ ምን እላለሁ?»

«ውሻ ናት በላ።»

«ማን አስተማራት ቢለኝስ?»

ምናለ ከኋላው ሳቅ አለ። «ስሟስ ታዘቢ አይደል? ማንን ነው የምትታዘበው ቢለን?»

«አንተን። የሱሪህን ቀዳዳ።»

ቢሆነኝ አልሳቀም። እጆቹን ያፋትጋል። ያ እጅ ማፋተግ ከጠመንጃው የበለጠ አስፈራኝ፤ የጨነቀው ሹም ከጨካኝ ሹም ይብሳል።

«እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ወይ በግ መለየቷን ትተው፣ ወይ ምናለ ይተኩሳል። እቴቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከእሷ አልፎ እርስዎንም እኔንም ይወስዱናል።»

«አርግዛለች። ዓይንህ አያይም?»

«አይቻለሁ። ለዚያ ነው ዛሬ ያልተኮስነው።»

ሲሄዱ ታዘቢ ከደጁ ሳትነሳ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ሆዷ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። እዚያ ሆድ ውስጥ ያለው የእናቴ ሥራ ሁሉ ነው። እሷ ከሞተች ዘሩ ከየትም አይመጣም።

አሰርኳት። ገመድ አይታ አታውቅም። አልታገለችም፤ ተኝታ ትንቀጠቀጥ ጀመር። እህል ባቀርብላት ፊቷን መለሰች። ውሃም አልጠጣችም። ሆዷን ስዳስስ የቡችሎቹ እንቅስቃሴ የደከመ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ የጨነቀው እጅ የሌለውንም ይዳስሳል። በዚያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀበሮ ከማኅበሩ መንጋ ግልገል ይዞ ሄደ። የዘነቡ በግ ግልገል ነበረች።

ዘነቡ እያለቀሰች መጣች። «ፍቺያት!» አለችኝ።

«አድኃሪዋን?»

«አፍሽን ያዢና ፍቺያት፣ ደብሪቱ። ሌሎቹም ሊያልቁብኝ ነው።»

«ብፈታት ትለያለች፣ ብትለይ ትገደላለች። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፤ ምን ላድርግ?»

ሁለታችንም አጥሩን ይዘን ቆምን። ዕድሜ ልካችንን ስንነካከስ የኖርን ሴቶች ለአንዲት ውሻ አብረን ተጨነቅን። ነገሩን ያነሳችው ብርቅዬ ናት።

«እማ፣ እናቷ የሞተችባትን ግልገል ለሌላ በግ ስናላምድ ምን እናደርጋለን?»

ምን እናደርጋለን? የአዲሲቱን እናት የምጥ ውሃ በጨው ለውሰን ግልገሏን እናሻታለን። በጓ አሽትታ «ልጄ ናት» ትላለች። በግ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ውሻስ በምን ያውቃል?

ከጉረኖዬ ጥግ፣ ታዘቢ ከተወለደችበት ቦታ፣ የታችኛውን በጠጥ ቆፍሬ አወጣሁ። በውሃና በጨው በጠበጥኩት። ከበጎቼ የሸለትኩትን ጠጉር እየነከርን መስኩ ላይ የማኅበሩን በጎች አንድ በአንድ ጀርባቸውን፣ አንገታቸውን፣ ጭራቸውን አሸን። ዘነቡ አፍንጫዋን በነጠላዋ አስራ ታሻለች፣ ትሰድበኛለች፣ ታሻለች። ጨው ነውና በጎቹም እርስ በርስ ይላላሱ ጀመር። ያየን ሰው «አሮጊቷ ለየላት» አለ። ይበል። ከእብድ ጋር ማን ይጣላል? ለጊዜው እብድ መባሉ ይሻለኝ ነበር።

የመጨረሻዋን በግ አሽተን እጃችንን ሳንታጠብ ከጋሸና በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ። ካድሬው ከተባለበት ቀድሞ መጣ። ሰው ለመቀበል ሲሯሯጥ እኔ ታዘቢ ወደታሰረችበት ዳገቱን ወጣሁ። ታዘቢን ገና አልሞከርኳትም። ታስራ ብትውል ቀበሮው እንግዳው ፊት ይመጣል። ብትፈታ ምን እንደምታደርግ አንድ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ፈታኋት። ዳገቱን ቀስ ብላ ወረደች፣ ሆዷ እያወዛወዛት።

ካድሬው ወጣት ነው፤ ነፋሱ የደጋ ነፋስ ነውና ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፏል። ቢሆነኝ ከጎኑ ሆኖ ስለ መንጋው ያስረዳል፣ ድምፁ ይሰበርበታል። ምናለ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ይዞታል። ዓይኑ ከታዘቢ ላይ አልተነቀለም። የእኔም እንደዚያው።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ብርቅዬ መንጋውን ወደ ትልቁ ጉረኖ አዞረችው። ታዘቢ መካከሉ ገባች። የመጀመሪያዋን በግ አሸተተች፣ ቆመች። ሁለተኛዋን አሸተተች። ከዚያ ሰምቼባት የማላውቀውን ድምፅ አሰማች፤ እንደሚያለቅስ ሕፃን አለች። ግራ አጋባኋት ብዬ ደነገጥኩ። ግራ የተጋባ ውሻ ከእብድ ውሻ አይሻልም። አንዷ የዘነቡ በግ ፊት ለፊት ቆማ ብዙ ቆየች። ዘነቡ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ ጥፍሯ እስኪገባ።

ታዘቢ በጓን አለፈቻት። አንድም አልለየችም።

«ተመስገን!» ልል አፌን ስከፍት፣ የመንጋው ራስ የትልቁ ጉረኖ በር ላይ ሲደርስ፣ ታዘቢ ሮጣ በሩ ላይ ተጋደመች። ከዚያ ተነስታ መንጋውን መለሰችው። ሁሉን። የማኅበሩን በግ ከሙክት እስከ ግልገል አንድ ሳታስቀር ሰብስባ ዳገቱን ወደ ቤቴ ነዳችው።

ወይ ደብሪቱ! በጎቹን ሁሉ የራሷ አደረግሁላት፤ ቤቷን ግን ማን አስረሳት?

ምናለ ጠመንጃውን አቀባበለ። ቀጭ ሲል እዚህ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ቢሆነኝን አየው፣ ቢሆነኝ መሬቱን አየ።

«ቆይ!» አለ ካድሬው። አፉን ከፍቶ መንጋውን ያያል። «አንድ እንኳ አልተለየም! ያለ ዱላ፣ ያለ ጩኸት! ጓድ ቢሆነኝ፣ ይሄ ነው ሥርዓት ማለት! ወዴት ነው የምትነዳው?»

ካድሬው ከበጎቹ ኋላ ዳገቱን ወጣ፣ እኛም እንደ ቀብር ተከተልነው። ስንደርስ ግቢዬ በግ ብቻ ሆኗል። ጭዱ ላይ በግ፣ ደጃፌ ላይ በግ፣ አንዱ ቤት ገብቶ ቡሖዬን ያሸታል። ታዘቢ በሩ ላይ አግድም ተኝታ ታለከልካለች።

«ይሄ የማን ግቢ ነው?» አለ ካድሬው።

ቢሆነኝ ፊቱ አመድ መሰለ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተራመደ። በቃ አልኩ፤ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ሊገባ ነው። እናቱ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች፤ የሚገባበት ቀሚስ ቢያጣ እኔን አሳልፎ ይሰጣል።

ቆመ። ታዘቢን አያት፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ፊት መጣ።

«የማኅበሩ ነው ጓድ» አለ። «ሁለተኛው ጉረኖ ነው። እቴቴ ደብሪቱ የውሾቹ ርባታ ኃላፊ ናቸው።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው፣ እናት?»

ያንን አጥር ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጀርባው ድንጋይ አመላልሶ ነው የካበው። አዎ ካልኩ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም። አይደለም ካልኩ ምናለ ቅርብ ነው። ታዘቢ ሆዷ ወጣ ገባ ይላል።

«እውነት ነው» አልኩ። «ግቢው የማኅበሩ ነው። ውሻዋን ግን የሚያዛት አንድ ሰው ነው። ለሁሉ የሚታዘዝ ውሻ ለሌባም ይታዘዛል።»

ካድሬው ሳቀ። «ይሁን። ትቀመጥልዎ።»

ምናለ ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። እኔ ግን መኪናው ዳገቱን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ከታዘቢ ጎን አልራቅሁም።

አጥሬን አፈረሱት፣ አስፍተው ካቡት፣ የመንደሩ በግ ሁሉ ደጄ ላይ ማደር ጀመረ። ዘነቡ በጎቿን ለማየት እያለች ጧት ማታ መጥታ ትነዘንዘኛለች። ታዘቢ ከእነሱ መካከል ወለደች። አንዱ ሞቶ ተወለደ፤ ያ ገመድ ነው እላለሁ። የቀሩት ጠቡ፣ አደጉ።

የፈተና ጊዜያቸው ሲደርስ ቢሆነኝ መጣ። ብቻውን ነው፣ ምናለን አላስከተለም። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻል።

«እቴቴ፣ አንዲት ቡችላ ልለምንዎ ነበር። ለማኅበር አይደለም፣ ለቤቴ።»

ቆርቆሮዬን አንስቼ መታሁ። ቡችሎቹ ተበተኑ። ቢሆነኝም ዘሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከዚያ አንገቱን አስግጎ ተመልሶ ገባ፣ ፊቱ በኀፍረት ቀልቷል። አንዲት ዳልቻ ቡችላም ከበጎቹ እግር ሥር ወጥታ ቆርቆሮውን ልታሸት መጣች።

«ይቺን ውሰዳት» አልኩት። «ቤትህ ግን ጩኸት እንዳይበዛባት። ስብሰባም ቢሆን።»