የማይገለበጥ ታንኳ

የአሮጌው ታንኳችን ወርድ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር። ሦስታችንንም ከገለበጠን ወዲህ የእሁድ ሽርሽራችን ቀረ፤ ባለቤቴ ሐይቁ ዳር ዝር አትልም፣ ልጄ ገንዳ ውስጥ እንኳ አትታጠብም።

ታንኳ ሻጩን «የማይገለበጥ ስጠኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ እንደሱ ከሆነ ድልድይ ግዛ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሜትሬን ዘርግቼ ሁሉንም ለካሁና ሆዱ ዝርግ የሆነውን፣ ወርዱ ዘጠና አራት የሚሞላውን መረጥኩ።

በስንት ልመና ባለቤቴንና ልጄን ሐይቁ ዳር አደረስኳቸው። እንዲያምኑኝ ብዬ ታንኳው ላይ ቆሜ በሁለት እግሬ አወዛወዝኩት።

«ያን ቀንም እንዲህ ቆመህ ነው የገለበጥከን!» ጮኸች ባለቤቴ። «ተቀመጥ በናትህ!»

«እዪው የኔ እናት፣ አይገለበጥም» አልኳት ልጄን።

ታንኳው አልተገለበጠም። ልጄ ግን ከውሃው ስምንት እርምጃ ሸሸች።