የኤሊጂዮ ዘንግ

ኤሊጂዮ በሬ መግራት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይህንንም ከራሱ በላይ የሚያወራለት አልነበረም። ሉሴሮና ናራንሆ የሚባሉትን ጥማድ በሬዎቹን ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው በገዛ እጁ ነው። ረጅሙን መንጃ ዘንግ አፍንጫቸው ፊት መሬት ላይ ከተከለ፣ መጥቶ እስኪነቅለው ድረስ ንቅንቅ አይሉም። በሸለቆው ያለ በሬ ነጂ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ የኤሊጂዮ ግን ለብቻው ነበር። አንዴ ዘንጉን ተክሎ አንድ መለኪያ ሩም ልቅመስ ብሎ አበልጁ ፋኩንዶ ቤት ገባና፣ ጨዋታው ጥሞት ግማሽ ቀን ቆይቶ ሲወጣ፣ ዝናብ እየወረደባቸው እዚያው ቆመው አገኛቸው። ይህን ወሬ በመንደሩ ያልሰማ ዶሮ እንኳ የለም።

አውሎ ነፋሱ ሲመሽ እንደሚገባ ሬዲዮው የተናገረው ጠዋት ነው። ሚስቱ ዶሚቲላ ስኳር በሽታ እግሯን ከያዛት ወዲህ ቤቱን የምታዘው ከወንበሯ ላይ ሆና ነው። ኤሊጂዮ ጣራውን በሽቦ ከምሰሶዎቹ ጋር ጠፈረ፤ አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫነበት። ቤቱ ላይ ያዘነበለውን የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ሙዙንም ነፋስ ከሚበላው ብሎ ጥሬውን አወረደው። ዶሮዎቹን እግራቸውን አስሮ ወጥ ቤት ደረደራቸው።

«አሳማዋን መኝታ ቤት አስገባት» አለችው።

«አልጋው ላይስ ልስቀላት?»

«ስቀላት። እሷ ቢያንስ አታንኮራፋም።»

የቀሩት በሬዎቹ ነበሩ። ከፋሲካ ወዲህ ሌቦች የሰው ከብት ሜዳ ላይ እያረዱ ሥጋውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ባለቤቱ ጠዋት የሚያገኘው ጭንቅላት ነው። ኤሊጂዮ ደግሞ ያለ ጥማዱ ምንም ነው። ትምባሆው የሚታረሰው በእነሱ ነው፤ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ሌላ ጥማድ ገርቶ ለማየት ዕድሜውን የሚሰጠው የለም።

«ፍታቸው» አለች ዶሚቲላ። «ወንዙ ሲሞላ የታሰረ ከብት ይሰምጣል። ከተፈቱ ጉብታውን ራሳቸው ያውቁታል።»

«ሌባውም ያውቀዋል።»

«በዚህ ነፋስ በሬ ሊሰርቅ የሚወጣ ሰው ካለ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ፍታቸው አልኩህ እኮ።»

እሺም እምቢም ሳይል ዋለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰዎችን መጠለያ ወደሆነው ትምህርት ቤት የሚያወጣው የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ሲደርስ፣ ወንዙ ቀልቶ ከዳርቻው ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ኤሊጂዮ ወሰነ። ዘንጉን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ፤ በሬዎቹን አስነስቶ ፊታቸውን ወደ ጉብታው አዞረ። ገመዱ በዝናብ አብጦ አልፈታ ስላለው በጥርሱ ጭምር ታገለው፤ ድዱ ደማ። የሁለቱንም የአፍንጫ ገመድ አወለቀላቸው። የናራንሆን ግንባር ቆሞ አሻሸው፤ ልጁ ወደ ሃቫና ሲሄድ እንኳ እንዲህ አልተሰናበተውም።

መኪናው ክላክሱን ለቀቀው።

«አበልጄ!» ብሎ ጮኸ ፋኩንዶ ከላይ ሆኖ። «በሬ መርቀህ እስክትሸኝ እኛ እዚህ እንሙት?»

ዶሚቲላ በሩ ላይ ብቻዋን ልትነሳ ስትንገዳገድ አያት። ሁለት እጁን ስለፈለገ ዘንጉን ረግረጉ ውስጥ ተክሎ ሮጠ፤ ሚስቱን አቅፎ መኪናው ላይ አወጣት።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነፋሱ መስኮቶቹን ሲገነጥል ሰዉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ፋኩንዶ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ «ፈታሃቸው?» አለው።

«ፈታኋቸው።»

«ጎበዝ። አሁን ጉብታው ላይ ሆነው በእኛ እየሳቁ ነው።»

ኤሊጂዮም ሳቀ። የሚገባውን እንዳደረገ ሰው ልቡ አርፎ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ሁለቱ አበልጆች በጭቃ እየዳከሩ ወረዱ። ጣራው የለም፤ ዶሮዎቹ ሞተዋል። አሳማዋ ግን አልጋው ላይ ቆማ በረሃብ ትጮኻለች። ፋኩንዶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ኤሊጂዮ ወደ ጓሮ ዞረ። ሉሴሮና ናራንሆ ጎን ለጎን ጭቃ ውስጥ ሞተው ወድቀዋል፤ ፊታቸው እንደዞረ ወደ ጉብታው ነው። ጉብታው ላይ የሰው ከብትና ፍየል ይግጣል።

«ምን ነካቸው?» አለ ፋኩንዶ ከኋላ ደርሶ። «ገመድ የለባቸውም። አርባ እርምጃ እኮ ነው፤ ሰነፍ ፍየል የወጣችውን...»

አልጨረሰውም። ከአፍንጫቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በጎርፉ ጎብጦ ግን ሳይነቀል የቆመውን ዘንግ አየ። እሱም በሬ ነጂ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

ኤሊጂዮ ሄዶ ዘንጉን ለመንቀል ሞከረ፤ በጣም ጠልቆ ስለነበር ለሁለት ተጋግዘው ነቀሉት።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ዶሚቲላ እየጠበቀችው ነበር። ዘንጉን ይዞ ከፋኩንዶ ጋር ያለ በሬዎቹ ሲመጣ አየችው።

«ሌባ ወሰዳቸው?» አለችው።

ፋኩንዶ አዎ በላት ብሎ በዓይኑ ለመነው። ኤሊጂዮ ግን ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

«የለም» አላት። «ቁሙ ብያቸው ሄጄ ነው የጠበቁኝ።»