የላይኛው መኪና

«ይሄ ቴሌቪዥን ይሸፈን እንጂ፤ ለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ?» አለች ጎረቤቷ አሰለፈች፣ ሻርፗን ከትከሻዋ እየገፈፈች።

«ተይው!» አለች በዛወርቅ ከፍራሹ ላይ። ድምፅዋ ስለጠነከረ ለቀስተኛው ሁሉ ዞር አለ። ባሏ ሣህሌ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

አሰለፈች ሻርፗን መልሳ ለበሰች። አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላም፣ «ከዚህ ቤት እኮ ከሰዓት በኋላ የመኪና ድምፅ ይሰማ ነበር፤ መኪና የላቸው!» ስትል አንሾካሾከች። የጎረቤት ጆሮ መቼ አርፎ ያውቃል።

መኪናውስ ድሮ ነበረ። ሣህሌ ሃያ ሰባት ዓመት ከቦንጋ ሚዛን አውቶቡስ ነድቷል። የሺሺንዳን ኩርባ ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈዋል ይባልለት ነበር። በኋላ ስኳር በሽታ ዓይኑን አደከመበትና መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለየ ስም መጥራት ሆነ ሥራው። በዛወርቅ ይህን ማየት አቃታት። ልጃቸው ማርቲ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትታው የሄደችውን ፕሌይስቴሽን አንድ ቀን ከቁም ሳጥን አወጣችና፣ «ና፣ በመኪና እንሽቀዳደም» አለችው። መጀመሪያ ሳቀባት። ከዚያ ግን ጆይስቲኩን አልለቅም አለ።

ችግሩ ስክሪኑ ነበር። ድሮውንም አሥራ አራት ኢንች ነው፤ ሁለት ሰው ሲጫወት ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ላይኛው የእሷ፣ ታችኛው የእሱ። ለአንድ ሰው የሚደርሰው አራት ጣት የማይሞላ መንገድ ነው። ሣህሌ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። «ማርቲ ስትመረቅ ትልቁን ትገዛልኛለች» ይል ነበር።

አንድ ቀን የእሷ መኪና ቀድማ ገባች። ሣህሌ ብድግ ብሎ፣ «ቀደምኩሽ! ሺሺንዳ ያስተማረኝ!» አለ። ለካ ሲያይ የቆየው የላይኛውን ነው፤ የእሱ መኪና ታች አጥር ውስጥ ተሰክታ ቆማለች። በዛወርቅ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ የላይኛውን መኪና የእሱ አስመስላ ነዳችለት። ወደ ግራ ሲያጋድል አብራው ወደ ግራ ትጠመዝዛለች።

«አንቺ እኮ መንዳት አይሆንልሽም» ይላታል።

«ሾፌር አገባሁ እንጂ ሾፌር መች ሆንኩ!» ትለዋለች።

አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ያን የሚያህል ሾፌር እንደ ሕፃን አታልላ ቀበረችው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢመለስላት እውነቱን ትነግረው ነበር፤ ቢቆጣትም እንኳ ቁጣው ናፍቋታል።

በሣልስቱ የሣህሌ የድሮ ረዳት ጉግሳ ከዋጫ መጣ። አልቅሶ ሲበቃው በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ጋሼ ይጫወቱ የነበረው በዚህ ነው?»

ደነገጠች። «ነግሮህ ነበር እንዴ?»

«ለፋሲካ ልጠይቃቸው መጥቼ አጫወቱኝ። ‹ጉግሳ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ጭኜ ዞርኩ፤ ዛሬ ተራዬ ደርሶ በዛወርቅ ጭናኝ ትዞራለች› አሉኝ።»

«ያውቅ ነበር?»

«‹አንድ ቀን ብቻ ተሳስቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ያልኩት አነዳዷ ስለጣመኝ ነው› አሉ። እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር።»

በዛወርቅ ሳቀች። በለቅሶ ቤት መሀል ድምፅዋን አውጥታ ሳቀች፤ አሰለፈች አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ ግን ብዙም ሳይሄድ እንባ ሆነ። «አንተ ተንኮለኛ!» አለች ባሏን፤ «እኔን ‹አታለልኩት› አሰኝተህ! ምነው አንድ ቀን ብቻ ቢጨመርልኝ!»

ቆይታ ከፍራሹ መሀል ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች፤ በስተቀኟ፣ ሣህሌ ሲጫወት ይቀመጥበት በነበረው በኩል፣ የአንድ ሰው ቦታ ተለቀቀ። ጉግሳ እሱን የጠራችው መስሎት እየተሽኮረመመ መጥቶ ተቀመጠ። ለማን እንደተጠጋች አልነገረችውም፤ እንዲመቸው ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችለት።