የመርዶ ነጋሪው የባሕር ሽርሽር

ማራኪ ለአባቷ ለጋሽ ይገዙ የአውሮፕላን ቲኬት መቆረጡን የነገረቻቸው እራት ካበላቻቸው በኋላ ነበር። ጋሽ ይገዙ ወዲያው ጠረጠሩ። እሳቸውም ቢሆኑ ሰው ሳያበሉ ክፉ ወሬ ነግረው አያውቁም።

«ኪዳን ነው የጋበዘን» አለች። «የሚሠራበት ሆቴል ለሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ክፍል ይሰጣል። ኬንያ ነው፤ ዲያኒ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ። ሀብታም ነው አሉ የሚሄድባት። ተዝናንተን እንመለሳለን።»

«ኪዳን ደህና ነው?» ብለው ስለ ወንድ ልጃቸው ጠየቁ።

«ደህና ነው አባዬ፤ ምን ይሆናል?»

ጋሽ ይገዙ ይህችን መልስ አሳምረው ያውቋታል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲመልሷት ኖረዋል።

በሰፈራቸው በቀራንዮ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ከማውጣቱ በፊት ጋሽ ይገዙን ያስጠራል። ድንኳን የሚተክል ሞልቷል፤ መርዶ የሚያረዳ ግን እንደሳቸው የለም። ማታ አይነግሩም፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሥራ ቦታ አይነግሩም። ብቻቸውንም አይሄዱም፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጉልበት ያለው ሰው ይዘው ይገባሉ፣ ሐዘንተኛውን ያስቀምጣሉ፣ ቢላም ሆነ የፈላ ውኃ አጠገቡ ካለ ያስነሳሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። በስልክማ ጭራሽ። በስልክ መርዶ የነገረ ሰው በሳቸው ዘንድ ከነፍሰ ገዳይ ትንሽ ነው የሚሻለው።

ለሩቅ ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። አረብ አገር ያለችውን «ነይና የቤት ካርታ ፈርሚ» ብሎ ማስመጣት ነው፤ ጎጃም ያለውን «የእህትህ ልጅ ክርስትና ነው» ብሎ መጥራት። ሰውዬው እየሳቀ ይመጣል፣ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ያኔ ይገባዋል። ጋሽ ይገዙ በዚህ ሁሉ ዘመናቸው «ባሕር ዳርቻ ና፣ ተዝናና» የሚለውን አንድ ቀን እንኳ አስበውት አያውቁም። ማን እንደፈጠረው ባያውቁም ብልሃቱን በልባቸው አደነቁለት።

ኪዳን ካናገራቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቱ ወይዘሮ ጽጌማርያም ባረፉ ሰሞን አባትና ልጅ በስልክ ተነጋገሩ፣ ጋሽ ይገዙ «እናትህን እንኳ ሳትቀብር ቀረህ» አሉት፣ ስልኩ ተዘጋ፣ በዚያው ቀረ። እሳቸው አልደወሉም፤ እሱም አልደወለም። አንድ ቀን ይታረቃሉ ብለው ነበር። አሁን ቲኬቱ መጣ።

በማግስቱ ወዳጃቸው ጀላል ዘንድ ሄዱ። ጀላል ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ልብስ ይሸጣል፤ ለመርዶ ሲወጡ ጉልበት ያለው ሰው እሱ ነው።

«ጀላል፣ ስለ ኪዳን የሰማኸው ነገር አለ?»

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም። ይልቅ የባሕር ፀሐይ ክፉ ነው ይላሉ» አለና ከመደርደሪያው ሰፊ ባርኔጣ አውርዶ ሰጣቸው።

ሰጣቸው እንጂ አልሸጠላቸውም። ጀላል በዚያ ሱቅ ውስጥ ዕቃ በነፃ የሚሰጠው ለሐዘንተኛ ብቻ ነው። ጋሽ ይገዙ ባርኔጣውን ይዘው ቤታቸው ገቡና ጥቁር ሱፋቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተቱ።

«አባዬ፣ ባሕር በሱፍ አይኬድም» አለች ማራኪ።

«እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ ማራኪ አለቀሰች። አውሮፕላን ስለምትፈራ ነበር፤ አባቷ ግን እጇን ያዙ እንጂ ለምን ብለው አልጠየቋትም። መርዶውን የሚያውቅን ሰው ማስጨነቅ ነውር ነው። ሞምባሳ ሲደርሱ ስማቸውን በትልቁ የጻፈ ሹፌር ቆሞ ጠበቃቸው። ዕቃቸውን ተቀበለ፣ በሩን ከፈተ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነዳ። ጋሽ ይገዙ የታክሲ ረዳት የሚጮህበት ሰፈር ሰው ናቸውና እንዲህ ያለ ጨዋ ሹፌር አይተው አያውቁም። አንድ ነገር ባይኖር ይህ ሰውዬ ቢያንስ ስለ ኑሮ ውድነት ባማረረ ነበር።

የሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ግድግዳ የለውም፤ ከወዲያ በኩል ባሕሩ ቁጭ ብሏል። ሠራተኞቹ በሰልፍ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉላቸው። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። አንዲት ልጅ በሳህን ላይ የተጠቀለለ እርጥብ ፎጣ አቀረበችላቸው። ያዙት፤ በረዶ ነው። ጋሽ ይገዙ በሕይወታቸው ስንት ለቅሶ ቤት ገብተዋል፣ ለሐዘንተኛ ፊት ፎጣ አቀዝቅዞ የሚጠብቅ ግን አላጋጠማቸውም።

«ኪዳንስ?» አሉ።

ማራኪ ልጅቷን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። «ቁጭ በሉ፣ ይመጣል እያለች ነው» አለቻቸው።

ቁጭ በሉ። ይህን እሳቸው ናቸው የሚሉት፤ ሰው ቆሞ ከሰማ ይወድቃል። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻሉም። ፎጣውን ፊታቸው ላይ ለጥፈው መሬት ተቀመጡና «ልጄን! ኪዳኔን! ሳልታረቅህ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከመዋኛው የሚመለሱ ፈረንጅ ባልና ሚስት ከነእርጥበታቸው ደርቀው ቀሩ። ልጅቷ ሮጣ ሄደች፤ ሁለተኛ ፎጣ ይዛ ተመለሰች።

ይህን ጊዜ ኪዳን ነጭ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ከጓዳ በኩል ብቅ አለ።

«ምን ሆኑ?»

ጋሽ ይገዙ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ትንሽ ወፍሯል። ተነሱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ምንም። ፎጣው ቀዝቃዛ ነው፣ ደነገጥኩ።»

ኪዳን ጉንጫቸውን ሳማቸው። «እንኳን ደህና መጡ። ክፍልዎ ባሕሩን የሚያይ ነው። ቁርስ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይቀርባል። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይደውሉ።» ይህን ለእንግዳ ሁሉ ነው የሚለው። ድሮ አባቱን አንተ እያለ ነበር የሚያስቸግራቸው። ይህን ብሎ ሲጨርስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጋሽ ይገዙ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ ልጃቸው በሕይወት አለ። እንደዚያን ቀንም ከፍቷቸው አያውቅም፤ በሕይወት እያለ አያናግራቸውም።

ሽርሽሩ ተጀመረ። ጋሽ ይገዙ በጀላል ባርኔጣና በቆዳ ጫማቸው ነጩ አሸዋ ላይ ቆሙ፤ ማራኪ ፎቶ አነሳቻቸው። አንድ ጎረምሳ ግመል እየጎተተ መጥቶ በክፍያ ውጣ አላቸው። ግመል ለማየት ባሕር ድረስ መምጣት አያስፈልግም ብለው አሰናበቱት። ዝንጀሮ ከሚመስል ጦጣ ጋር ስለ አንድ ሙዝ ተፋጠጡና ሙዙን ለቀቁለት። ከሰዓት በኋላ ብቅ ሲሉ ደግሞ ጠዋት ደጃፋቸው የነበረው ባሕር የለም።

በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ ጠየቁት። ሮቤራ ይባላል፤ የሞያሌ ቦረና ነው፣ ከድንበሩ ወዲህ በኢትዮጵያ በኩል ስለተማረ አማርኛ ይችላል። ቁመቱ ከበሩ አያንስም።

«ይሄ ባሕር የት ሄደ?»

«ይመለሳል ጋሼ። በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል።»

«ሳያስታጉል?»

«ሳያስታጉል።»

ጋሽ ይገዙ ባሕሩን ሰዓት አክባሪ ነው ብለው አመሰገኑት።

ኪዳን በየማዕዱ ይመጣል፤ ሳህን ያነሳል፣ «ሁሉ ነገር ተመቸዎ?» ይላል፣ ይሄዳል። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጋሽ ይገዙ ከጃንጥላው ሥር እንደተቀመጡ «ይሄ ልጅ ካላናገረኝ ለምን አስመጣኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አስመጣው ያልኩት» አለች ማራኪ። «ለምን እንደተቀየመህ ታውቃለህ?»

«ለቀብር አልመጣህም ስላልኩት ነዋ።»

«አይደለም። የእማዬን ሞት ማን ነገረው?»

ጋሽ ይገዙ ወደ እሷ ዞሩ።

«ስልኩ ነው የነገረው። የአክስቴ ልጅ የእማዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ። የዚያን ሰዓት ለአንዲት ጀርመናዊት የልደት ኬክ ይዞ ቆሟል። ስልኩን አየና ኪሱ መለሰው፣ መልካም ልደት ብሎ ዘፈነላት፣ ኬኩን ቆርሶ አከፋፈለ። የያዘው ሰው የለም አባዬ። እስከዛሬ አንዲት እንባ አላወጣም። አባቴ ለአገር ሁሉ ያረዳል፣ እኔን ግን ስልኬ ነው ያረዳኝ ይላል።»

«በስልክ አይነገርማ! የሚያረዳው ሽማግሌ ስፈልግ ነው የዘገየሁት። ጀላል ሞምባሳ ሰው የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግልኝ ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ። እሱ አያውቅም።»

ጋሽ ይገዙ ባሕሩን ሲያዩ ቆዩ። እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ተነስተው ኪዳንን ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኙት።

«ዛሬ እራት ከእኔ ጋር ብላ።»

ኪዳን ሊያመካኝ ፈልጎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ዓሣ ቀረበ። ጋሽ ይገዙ ስለ ምንም አላወሩም፤ «ጨምር» ብቻ ይላሉ። ሲጨምር ያያሉ። ሲያበቃ ነገ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ ጠየቁት፤ አንድ ሰዓት አላቸው።

ጎህ ሲቀድ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ወደ በሩ ወረዱ።

«ሮቤራ፣ የምታግዘኝ ነገር አለ። ኪዳንን እናቱን ልናረዳው ነው።»

ሮቤራ ቆቡን አወለቀ። «ኧረ! መቼ አረፉ?»

«ሁለት ዓመት አለፋት።»

ሮቤራ ጥቂት አሰበ። «እና እስካሁን አልተነገረውም?»

«አልተነገረውም።»

«እንሂዳ።»

ሽማግሌ ጎድሏቸው ነበር። አሸዋው ላይ አትክልተኛው ሐሚሲ ባሕሩ የተፋውን ሣር በጥርሳሙ መጥረጊያ፣ በሬክ፣ ይጠርጋል፤ ጢሙ ነጭ ነው። ሮቤራ በስዋሂሊ ነገረው። ሐሚሲ መቼ ብሎ አልጠየቀም። ሬኩን አጋደመ፣ የእግሩን አሸዋ አራገፈና ተከተላቸው።

የሠራተኛው ማደሪያ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ኪዳን በሩን ሲከፍት ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ሦስት ወንዶች በማለዳ ተደርድረው አየ፤ አባቱ ጥቁር ለብሰዋል። የመርዶ ነጋሪ ልጅ ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ማራኪ ናት? አባዬ፣ ማራኪ ናት?»

«ማራኪ ደህና ናት፣ ተኝታለች። ተቀመጥ።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሮቤራ አጠገቡ ሆነ። ጋሽ ይገዙ የካውያውን ሶኬት ነቅለው ከእጁ አራቁት፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ኪዳኔ። እናትህ ታማ ነበር። ስኳሯ ከፍ ብሎ ሆስፒታል አስገባናት።»

«አውቃለሁ እኮ አባዬ። ሁለት ዓመት…»

«ዝም በል። ማንም አልነገረህም። ቅዳሜ ትንሽ ሾርባ ቀመሰች። 'ኪዳን ደወለ?' አለችኝ። 'ደውሏል፣ ሥራ ላይ ሆኖ ነው' አልኳት። ዋሸኋት፤ ደስ አላት። እሁድ ማለዳ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች። መድኃኔዓለም ቀበርናት። ያልመጣ የቀራንዮ ሰው የለም። ጀላል ሬሳዋን ተሸክሞ ለማንም አላቀብል ብሎ አስቸገረን። ሽማግሌ ስፈልግልህ ነበር የዘገየሁት። ደንቡ ነው ብዬ ነበር። ደንቡ ብቻ አይደለም። ለሰው ሁሉ የሚከፈት አፌ ላንተ እምቢ አለኝ፤ ፈራሁ። እናትህ ሞታለች፣ ልጄ።»

ኪዳን አባቱን አየ። ከዚያ «እማዬን!» ብሎ ብድግ ሲል ሮቤራ ወገቡን ያዘው። ያለቀሰው ለቅሶ ወጥ ቤቱን ባዶ አደረገው፤ ምግብ አብሳዮቹ ማንኪያ እንደያዙ መጡ። አንድ ቃል ያልገባው ሐሚሲ አብሮ አለቀሰ። መርዶ ነጋሪ አያለቅስም፤ ጋሽ ይገዙ በሥራ ላይ አልቅሰው አያውቁም ነበር። ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ «አባዬ፣ ለምን እስካሁን ቆየህ?» ሲላቸው እሳቸውም ሥራቸውን ረሱ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ማራኪ ባዶ እግሯን ደጁ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር።

«ምን ተፈጠረ?» አለቻት።

«እናታችን ሞታ ነው።»

«በጣም አዝናለሁ! መቼ?»

ማራኪ ወደ ውስጥ አየት አደረገች።

«አሁን» አለች።

ሥራ አስኪያጇ ለኪዳን የሐዘን ፈቃድ ሰጠችው። ጥቂት ቆይቶ ያቺ የአዳራሹ ልጅ የተጠቀለሉ ቀዝቃዛ ፎጣዎች በሳህን ይዛ ገባች። ጋሽ ይገዙ ሁለት አነሱና አንዱን ለልጃቸው ሰጡት።