የመስከረም የእምነት ቃል

መስከረም ፍኖተ ሰላም ሁለት ዓመት ስትማር የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደገችው ቡሬ፣ አክስቷ ዘንድ ነው። ዘጠነኛ ስትደርስ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣችና ያምሮት ከምትባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ያምሮት የገበሬ ልጅ ናት፤ አገሯ ከከተማው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ብር በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። ሁለቱ በአንድ አልጋ ይተኛሉ፣ በአንድ ሳህን ይበላሉ፣ አንዲቱን ደህና ሹራብ ተራ በተራ ይለብሷታል። አንድ ቀን ያምሮት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብትላት፣ መስከረም «ያርሳል» አለቻት። በዚያው አለፈ።

አባቷ ግን ከሞተ ቆይቷል። እናቷ ሠርክአዲስ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሸክላ ትሠራለች። በዚያ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ከተባለ ቡዳ መባሉ አይቀርም፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉታል። ዕቃውን ይገዙታል፣ ከቤቱ ግን ውሃ አይጠጡም። ሠርክአዲስ ልጇን ስትሸኝ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሰው ፊት እኔን አታውቂኝም፤ እኔም አላውቅሽም። ተምረሽ እስክትወጪ እንዲህ ነን።»

አሥራ አንደኛ ክፍል በገቡ በጥቅምት ላይ የአማርኛ መምህራቸው ያረጋል ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፈ፤ ማኅበረሰብ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ጤና። ከየዘርፉ ርዕስ አውጥቶ በብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ ነበርና ሁለት ሁለት እየሆኑ ዕጣ እንዲያነሡ አዘዘ። ለያምሮትና ለመስከረም ያነሣችው ያምሮት ነች። ገልጣ አነበበችና ሳቀች።

«በአካባቢያችን ስለ ቡዳ የሚነገሩ ታሪኮች! ታድለን! አጎቴ አያ ወንዳወቅን ብቻ ብንጠይቅ ደብተሩ አይበቃንም።»

መስከረም ከደወሉ በኋላ መምህሩን ተከትላ ወጣች። «መምህር፣ ርዕሱን ቢቀይሩልን…»

«ምነው፣ እንዳይበሉሽ ፈራሽ እንዴ?» አላት። በበሩ ይወጡ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ያምሮት አገር ወረዱ። የያምሮት እናት እሜት ታንጉት እንግዳዋን እንደ ልጃቸው ስመው ተቀበሏት፤ ከራሳቸው ፊት ቆርሰው አጎረሷት። አያ ወንዳወቅም በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና ጀመሩ። ጅብ ገድለው ጆሮው ላይ የሴት ጉትቻ ስላገኙት ሰዎች ተናገሩ። የተቀበረ ሬሳ በዘንግ ቀስቅሳ እንደ በሬ ስለምታሠራው ሸክላ ሠሪ ተናገሩ። ያምሮት በስልኳ ትቀርጻለች፤ መስከረም ትጽፋለች።

«ዋናውን ስሙ» አሉ አያ ወንዳወቅ። «ቡዳ የበላው ሰው ራሱ ይለፈልፋል። ያን ጊዜ ማነህ? የት ያዝካት? ምን ሰጥተንህ ትለቃለህ? ብለህ ትጠይቀዋለህ። የጠየቀውን ካላደረግህለት ሞቼ እገኛለሁ ይላል እንጂ አይለቅም። ካደረግህለት ግን ቃሉን አያጥፍም። ቡዳው ራሱ ተገኝቶ በአፉ ቢያምንማ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ግን እነሱ መች ያምናሉ! ቢገድሏቸውም አያምኑ።»

«ጻፍሽው?» አለች ያምሮት።

«ጽፌዋለሁ።»

በማግስቱ ማንኩሳ ገበያ ነበር። መስከረም ራሴን አመመኝ ብላ ለመቅረት ሞከረች፤ ያምሮት ግን እጇን ጎትታ ወሰደቻት። «የተረቱትን ሰማን፤ የሚተረትባቸውን ደግሞ እንጠይቅ። መምህር ያረጋል ይደነግጥልናል።» ከገበያው ዳር፣ ከእንጨት ሻጮቹም ወዲያ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ተቀምጠዋል። ያምሮት እያየች አለፈች፣ አለፈችና ከአንዲት ቀጭን ሴት ፊት ቆመች። ሴትዮዋ ሠርክአዲስ ነበረች።

«እማማ፣ ተማሪዎች ነን። ጥናት ይዘን ነው። አንዳንድ ነገር ብንጠይቅዎ ይቀየሙናል?»

ሠርክአዲስ ቀና ብላ ያምሮትን አየቻት። ከዚያ መስከረምን አየቻት። ዓይኗ ልጇ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ድስቶቹ ተመለሰ።

«ምን ያስቀይመኛል? ጠይቁ።»

«አንቺ ጠይቂ፣ እኔ ልቅረጽ» አለች ያምሮት፤ ጓደኛዋን በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

መስከረም ደብተሯን ገለጠች። «ሰው… ሰው እናንተን…»

«ቡዳ ናቸው ይላችኋል ልትይ ነው» አለች እናትየዋ። «በይው እንጂ። የተማረ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«እውነት ነው?»

«እውነት ቢሆንማ ይሄ ሁሉ ሰው በፊቴ እያለፈ እንዲህ ተርቤ እውል ነበር?»

ያምሮት ስልኳ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ቶሎ ኮስተር ብላ «ልጅ አለዎት?» አለች።

«አንዲት ነበረችኝ» አለች ሠርክአዲስ። «ሞተችብኝ።»

«ውይ! እግዜር ያጽናዎት። ጻፊው እንጂ መስከረም።»

መስከረም ደብተሯ ላይ «ልጅ፦ አንዲት፣ ሞታለች» ብላ ጻፈች። እናቷ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ታያለች። ያምሮት አንዲት ትንሽ ድስት ገዛች፤ ገንዘቡን ግን በእጅ አልሰጠችም፣ መሬት ላይ ጣለችላት። ራቅ እንዳሉ የመስከረምን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ዓይኗን አየሽው? እንዴት ይወጋል! አንቺን አንቺን ነው ስታይ የነበረችው።»

ከገበያው በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያምሮት ብርድ ብርድ አላት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትባል «ጉንፋን ነው» አለች። በታመመች በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፣ ጥርሷ ተቆላለፈ። አከራይዋ ደንግጣ ለቤተሰቡ ደወለች። እሜት ታንጉትና አያ ወንዳወቅ ሲደርሱ ከማንኩሳ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ መድኃኒተኛ አስከትለው ነበር።

«ወባ ነው እሜቴ» አለች መስከረም። «ብር ወንዝ ዳር አድረናል፣ ቢንቢው በልቶናል። ሆስፒታሉ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።»

«ዝም በይ!» አሉ መድኃኒተኛው። «እንዲህ ያለ ሰው መርፌ ከነካው እዚያው ነው የሚቀረው።»

ፍም አመጡና ክፍሏን በጭስ ሞሏት። ያምሮት በጋቢ ተሸፍና በጭሱ ውስጥ ትሳላለች፤ ትቃዣለች። «ዓይኗ… ሸክላዋ… መስከረም… ጻፊው መስከረም… ጉትቻ አለው ጅቡ…»

«ለፈለፈ!» አሉ አያ ወንዳወቅ። «መስከረም አለ! ጓደኛዋን ጠራ!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ወልደ ዮሐንስ ጭሱን በእጃቸው ገፍተው ፊቷን ተጠግተው መረመሩት።

«ይቺን እኮ አውቃታለሁ» አሉ። «ለክረምት ስትመጣ እናቷ ደጅ አይቻታለሁ። የሸክላ ሠሪዋ የሠርክአዲስ ልጅ ናት።»

እሜት ታንጉት መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ በገዛ እጃቸው እንዳጎረሷት ትዝ ሲላቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አያ ወንዳወቅ ፀጉሯን ጨብጠው ከአልጋው አጠገብ ጣሏት፤ መድኃኒተኛው ከሹራቧ ጫፍ በምላጭ ቀደው ፍሙ ላይ ጨመሩት። «እትፍ በይባት!» አሏት። እትፍ አለች። ያምሮት አልነቃችም። ትንፋሿ አሁን እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ አረፋ አለ።

«እባካችሁ ሆስፒታል ውሰዷት» አለች መስከረም። በዱላ ጀርባዋን አሏት። ደግማ ለመነች፣ ደገሟት። የጓደኛዋን እግር ዳበሰችው፤ ጫፉ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

መድኃኒተኛው ምላጩን አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ የበላኋት።»

አያ ወንዳወቅ ዱላቸው እጃቸው ላይ ቀረ። «የት ያዝሻት?» አሉ።

መስከረም ሌላ ቦታ ልትፈልግ ሞከረች፤ የመጣላት አንድ ብቻ ሆነ። «ገበያ። ሸክላው ፊት።»

«ምን ሰጥተንሽ ትለቂያታለሽ?»

«መርፌ» አለች። «ሆስፒታል ወስዳችሁ ሦስት መርፌ አስወጓት። በሦስተኛው እወጣለሁ። ከመሸ ግን አልወጣም።»

ወልደ ዮሐንስ አፋቸውን ለተቃውሞ ከፈቱ፤ እሜት ታንጉት ግን ልጃቸውን አቅፈው ተነሥተው ነበር። «በአፏ አምናለች! ሰምታችኋል፣ በአፏ አምናለች! ባጃጅ ጥሩልኝ!» መስከረምንም አልለቀቋትም፤ ሳትወጣ እንዳታመልጥ ብለው ፀጉሯን እንደያዙ በባጃጁ ወለል ላይ አስቀመጧት። በመንገድ ላይ አያ ወንዳወቅ ሁለት ጊዜ ፊቷ ላይ ተፉ።

ሐኪሙ የያምሮትን ደም አስመርምሮ ሲመጣ ተቆጥቶ ነበር። «ወባው አንጎሏ ድረስ ወጥቷል። እስከ ማታ ብትቆይ ኖሮ አታገኟትም ነበር። ማነው ዛሬ እንድትመጣ ያደረገ?» አለ። ሦስተኛውን መርፌ በተወጋች በማግስቱ ያምሮት ዓይኗን ገለጠችና ውሃ አለች። እሜት ታንጉት እልል አሉ። «ለቀቀቻት!» አሉና መስከረምንም ያን ጊዜ ለቀቋት።

ያምሮት ከነቃች በሦስተኛው ቀን መስከረም ልትጠይቃት ሄደች። እናትየዋ ውጭ ነበሩ። ያምሮት ስታያት ጋቢውን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ያምሮት፣ ውሸቴን ነው እኮ። እንዲያመጡሽ ብዬ ነው።»

«ያቺ ሸክላ ሠሪ እናትሽ ናት?»

«ናት።»

«ልጄ ሞታለች አለችን። አንቺም ጻፍሽው። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ያርሳል አልሽኝ። ያንን ሁሉ የዋሸሽኝ ሰው አሁን እውነት ተናገረች ብዬ ልመን?»

«አንቺን እኮ…»

«አታይኝ! ፊትሽን አዙሪልኝ!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ሮጣ መጣች። መስከረም ወጣች።

ጥናቱ በሚቀርብበት ቀን መስከረም የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ከፊቷ ያሉት ሁለት ረድፎች ባዶ ሆነዋል። ያምሮት ከስታ፣ ሻሽ አስራ ወጣችና የአጎቷን ታሪኮች አነበበች፤ የገበያዋን ሴት ቃልም አነበበች። በመጨረሻ «የቡዳዋ የራሷ የእምነት ቃል» የሚል ርዕስ አነበበችና በዚያች ክፍል የተባለውን ሁሉ፣ አጎቷ እንደነገሯት፣ ቃል በቃል ተናገረች። አንድም ተማሪ ወደ ኋላ አልዞረም። አንዷ ልጅ አለቀሰች፤ ለያምሮት ነው ያለቀሰችው። መምህር ያረጋል ጉሮሮውን ጠራረገና «ከዚህ በላይ የመስክ ጥናት የለም» አለ። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ሰጣቸው። የሁለት ሰው ሥራ ነውና ለመስከረምም አሥራ ዘጠኝ ተመዘገበላት። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «ለራስሽ ደኅንነት ነው» ብሎ መሸኛዋን ሰጣት።

እናቷ ደጅ ስትደርስ መሬቱ በገል ተሸፍኗል። ባለፈው የገበያ ቀን አያ ወንዳወቅና ዘመዶቻቸው መጥተው ያልተተኮሰውንም የተተኮሰውንም ሸክላ በዱላ አድቅቀው ሄደዋል። ሠርክአዲስ ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ልጇን አላቀፈቻትም።

«ብለሻል ወይ?» አለቻት። «በአፍሽ ብለሻል?»

«ልጅቷ ትሞት ነበር እናና። ሌላ የሚሰሙት ቋንቋ አልነበረም።»

«እኔ ጥርሴን ሲሰብሩኝ አይደለሁም ብያለሁ። እናቴን በጭስ ሲያፍኗት አይደለሁም ብላለች። የሷም እናት እንደዚያው። ያለችን አንዲት ቃል ነበረች፤ ሌላ ምን ነበረን? እሷን አውጥተሽ ሰጠሻቸው።»

«ሰው ልታደግ ብዬ ነው።»

«ትሙታ!» አለች ሠርክአዲስ። ከዚያም የገሉ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ የእጇን ጨርቅ እንደገና ደም አረጠበው። መስከረም ጠጋ ብላ ልትይዝላት እጇን ዘረጋች፤ እናቷ እጇን ሳበች።

መንደርተኛው ከዚያ የባሰ ሆነባት። የሸክላ ሠሪዎቹ ሽማግሌ ቂርቆስ ሰዉን ሰበሰቡና የልጅቱ ነገር ሁሉንም እንዳስጠቃ ተናገሩ፤ ማንኩሳ ላይ የሚገዛ ጠፍቷል፣ ሁለት ሴቶች ተፈንክተዋል። አባርሯት አላሉም። ከሰው ጋር አፈር ለመቆፈር አትውረድ፣ ከሰው ጋር ውሃ አትቅዳ አሉ። እኩዮቿ ልጃገረዶች አፈር ጭነው ሲመለሱ ጠብቃ ብቻዋን ትወርዳለች። እናቷ ለሥራ እንጂ አታናግራትም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ እሷም ሸክላ ሠሪ፣ ልጇን ታቅፋ ከገበያ ስትመለስ በደጃቸው ቆመችና ለሠርክአዲስ ወሬ ነገረቻት። ያች የታመመችው ተማሪ ከእናቷ ጋር ገበያ ታይታለች፤ ሰውነቷ ተመልሷል፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል፣ ስትስቅ ከሩቅ ይሰማል።

መስከረም ጭቃውን እያሸች ነበር። ቀና አለች። «ተመስገን» አለች፤ ከልቧ ነበር።

ጎረቤቲቱ ያን ጊዜ ነው እዚያ መኖሯን ያየችው። የሕፃኑን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችና መንገዷን ቀጠለች።