የጠራው ድምፅ

ድራመሩ ላፕቶፑን አልጋው ላይ አኖረና «መሣሪያው ሁሉ ለየብቻው ነው የተቀዳው፤ ከየትኛው እንጀምር?» አለ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። «ጊታሩ ይቆይ።»

የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ለቀስተኞች ይንሾካሾካሉ። ድራመሩ ሲገባ አክስትየው ፊቷን አዙራበታለች፤ ልጁ ኮረንቲ የያዘው በእሱ ቤት፣ ልምምድ ላይ፣ ጊታሩን እንደታቀፈ ነውና። እናትየው ቀና ብላ አላየችውም።

ድራሙ ብቻውን ሲሰማ ችኩል ነው። ቤዙ ከሥር ከሥር ይከተላል፣ እንደ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ። ኪቦርዱ በየመሀሉ ገብቶ ይወጣል። ሮክን ጩኸት ነው የሚሉ ሰዎች እንዲህ አንድ በአንድ ቢያደምጡት በታረቁት ነበር።

ታናሽየው ቀልደኛ ነበር። «አንተ ጆሮ፣ እኔ እጅ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙዚቀኛ ይወጣናል» ይለው ነበር። ከወር በፊት፣ ለቀረጻ ሲዘጋጁ፣ የጊታሩ አምፕሊፋየር እንደ ንብ ቀፎ ጥዝ እያለ አስቸገራቸው። ታላቅየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ስፒናውን ፈታና ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚሸኘውን ሽቦ ነቀለው። ጥዝታው ጠፋ። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ መጥቼ እመልሰዋለሁ አለ። በነጋታው ሥራ በዛበት፤ ከዚያም ረሳው።

አሁን አምፕሊፋየሩን ፖሊስ ወስዶታል። የቀረው የመጨረሻው ቀን ልምምድ ቅጂ ነው። ጥዝታው ካለ፣ አንድ ሰው ሽቦውን መልሶታል ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ፈጣሪውን የለመነው ያን አስቀያሚ ድምፅ ነበር።

«ጊታሩን» አለ።

መጀመሪያ ታናሹ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ጣቱ ክሩ ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ ዜማው መጣ፤ ጥርት ያለ። ከሥሩ ምንም የለም። ድምፁን ጨመረው። ምንም።

«አቤት ጥራቱ» አለ ድራመሩ፣ እንባው እየቀደመው። «አንተ ካበጀኸው ወዲህ እንዲህ ነበር። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ወንድሜ ነው የሠራው ይል ነበር እኮ።»

ታላቅየው ማዳመጫውን አወለቀ። ድራመሩን እጁን ይዞ ወደ ሳሎን አወጣው፤ ከእናቱ ጎን፣ እሱ ራሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሹክሹክታው ቆመ። ታላቅየው ግን እናቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው እጇን ወደ ልጇ ራስ ዘረጋች። ሊነካው ጥቂት ሲቀረው፣ እዚያው አየር ላይ አቆመችው።